ለሁላችንም የመጀመሪያዋ ገዢ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ የገና ገበያ በሚጀምርበት ሰሞን፣ እዚሁ አዳማ ውስጥ ነው። ሰው ስለ ንግድ ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ሲለኝም ብቻዬን እስቃለሁ። ባለቤቴ ይህን ሲያይ "ደግሞ ያቺ የመልካሳ ሴትዮ ናት?" ይለኛል። አዎ፣ እሷ ናት።

እኔ መጋረጃ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ሱቄ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በምታስገባው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። መንገዷ ጠባብ ትሁን እንጂ አንድ ቤት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ አለባት። ከእኔ ፊት ለፊት ጋሽ ግርማ ድስት፣ ትሪና ፔርሙዝ ይሸጣሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ቶሌራ የሚባል ጫማ ሻጭ ወጣት አለ። ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ደግሞ ልብስ ሰፊዋ አዴ ፋጡማ ናቸው። አዴ በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው፤ እኛ መንገድ ላይ ግን አንዲት የኦሮምኛ ቃል የማያውቅ ሰው እንኳ ከዚህ ሌላ ስም አይሰጣቸውም።

የችግራችን ምንጭ የፍጥነት መንገዱ ነው ብል ትስቁብኝ ይሆናል። መንገዱስ ጥሩ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ግን እሱ ከተሠራ ወዲህ የአዳማ ሰው ለአንድ ትራስ ልብስ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ለመደ። የትራንስፖርቱ፣ የምሳው፣ የተሸካሚው ሲደመር ምን እንዳተረፈ እሱም አያውቀው። ብቻ "ከመርካቶ ነው ያመጣሁት" ማለት ያስደስተዋል። እኛ ደግሞ በራችን ላይ ተቀምጠን ከመናኸሪያ የሚመለሰውን የፌስታል ሰልፍ እንቆጥራለን። አንዳንዱማ ጎረቤት ነኝ ብሎ ሰላም ብሎን ያልፋል።

ከሁላችንም ክፉኛ የተጎዱት አዴ ፋጡማ ነበሩ። ሰው የተሰፋ ልብስ ገዝቶ ሲመጣ ልብስ ሰፊ ምን ይሠራል? ቀሚስ መስፋቱ ቀርቶ ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ብቻ ሆነ ሥራቸው። ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ጠሩኝና፣ "አስቴር፣ ታኅሣሥ ሲያልቅ ቁልፉን ለአከራዩ አስረክባለሁ። አሰላ ልጄ ጋ እገባለሁ" አሉኝ።

ልጃቸው ጥሩ ልጅ ናት፤ አክብራ ነው የምትይዛቸው። እሳቸው ግን ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው የስፌት መኪናቸው ላይ ነበር። "እዚያ ምን እሠራለሁ? ቴሌቪዥን ሳይ ልሞት ነው እኮ" ብለው ሳቁ። እኔ ወደዚህ ከተማ አዲስ መጥቼ ማንንም ባላወቅኩበት ጊዜ፣ ሱቄን የሚጠብቁልኝ፣ ልጄን በጀርባቸው አዝለው የሚሰፉ እሳቸው ነበሩ።

ነገር ሲያንገበግበኝ ዝም ማለት አልችልም። ወዲያው ጋሽ ግርማ ጋ ሄድኩ፤ ቶሌራንም ጠራሁት። "ዛሬ አዴ ፋጡማ፣ ነገ እኛ" አልኳቸው። ጋሽ ግርማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቶሌራ ግን ወጣት አይደል፣ ብድግ አለና "ዘመቻ እንጀምር!" አለ። የመንገዱ ነጋዴ ሁሉ አዋጥቶ ባነር ይሠራል፣ ሞንታርቦ ይከራያል፣ ያገሩ ሰው ከጎረቤቱ እንዲገዛ ይቀሰቀሳል። መፈክሩን የማወጣው እኔ ሆንኩ። ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ ይህን ጻፍኩ፤ "አዳማ እያለልዎ፣ ምን አንከራተተዎ?"

ቶሌራ ከሥሩ የኦሮምኛውን ጨመረበት። ባነሩ ተሠርቶ ሲመጣ፣ እውነቱን ልናገር፣ የራሴን ጽሑፍ በትልቁ ሳየው ደረቴ አበጠ።

ዘመቻው የተጀመረ ጠዋት ነፋስ ነበር። የአዳማን ነፋስ ለማያውቅ ሰው ልንገረው፣ ተራራው ላይ እነዚያ ትልልቅ ነገሮች እየተሽከረከሩ መብራት የሚያመነጩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቶሌራ ባነሩን ከእንጨት ምሰሶው እስከ ጋሽ ግርማ ጣራ ድረስ ወጠረው። ጋሽ ግርማ ከታች ሆነው፣ "ልጄ፣ ገመዱ ቀጠነብኝ" አሉ።

"ፈታ ይበሉ ጋሼ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?" አለ ቶሌራ ከመሰላሉ ላይ።

ሞንታርቦው ተከፈተ። ቶሌራ ድምፁን አሳምሮ፣ ባማርኛም በኦሮምኛም፣ "ውድ የአዳማ ነዋሪዎች!" እያለ ይለፈልፋል። ሰው ቆም ይላል፣ ፈገግ ይላል፣ አንዳንዱም በስልኩ ይቀርጸዋል፤ ከዚያ ወደ መናኸሪያው ያልፋል። አንድም ሰው ሱቅ አልገባ አለ። ረፋዱ ሆነ፤ ከመንገዱ ነጋዴ አንዲት መርፌ የሸጠ የለም። ጋሽ ግርማ በራቸው ላይ ቆመው በዓይናቸው "ይኸው" ይሉኛል። እኔ አዴ ፋጡማን ላለማየት ፊቴን ወደ ሱቄ አዙሬ የተጣጠፈ አንሶላ እንደገና አጥፋለሁ።

ያን ጊዜ ነው ነፋሱ አንዴ የመጣው። ገመዱ ጧ ሲል ሰማሁ። ዞር ስል ባነሩ በአየር ላይ ተንሳፍፎ፣ ወደ መናኸሪያው ስትፈጥን የነበረች አንዲት ሴት ላይ ወርዶ ከራሷ እስከ ጉልበቷ ጠቀለላት። የሚታየው እግሯ ብቻ ነው። እሷ ለመውጣት ወዲያና ወዲህ ስትል፣ ጀርባዋ ላይ "ምን አንከራተተዎ?" የሚለው ጽሑፌ ከነጥያቄ ምልክቱ ይነበባል። ቶሌራ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶን ስለነበር ምንም አላየም፤ "ኑ ግቡ፣ በፍቅር እንቀበላችኋለን!" እያለ ነው።

ሮጠን ፈታናት። ጋሽ ግርማ ገመዱን እየተረተሩ፣ "አንበሳውን ትተህ ሴትዮዋን አሰርካት" አሉት ቶሌራን። ሴትየዋ ስትወጣ ሻሿ ወልቆ፣ አቧራ በአቧራ ሆና ነበር። አሁን ትሰድበናለች፣ ሲብስም ፖሊስ ትጠራለች ብዬ ተሸማቀቅኩ። እጇን ይዤ ወደ ሱቄ አስገባኋት፤ ወንበር ሰጠኋት፤ ውኃ፣ መስታወትና መርፌ ቁልፍ አቀረብኩላት።

ውኃውን ጠጥታ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ "እኔ ገበያ እየሄድኩ ነበር። እናንተ አገር ሰው እንደ ዝዋይ ዓሣ በመረብ ነው እንዴ የሚያዘው?" ብላ ሳቀች። እኔም የታፈነ ሳቄ አመለጠኝ። ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ስሟ በዳቱ ነው። በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። በመልካሳ በኩል ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርት ቤተሰብ ናት፤ ሽንኩርቱን ለነጋዴ የምትሸጠው ራሷ ናት። ጥር ላይ ልጇን ትድራለች። የሠርጉን ዕቃ በሙሉ ለመግዛት አዲስ አበባ እየሄደች፣ እኛ አዳማ መኪና ልትቀይር ወርዳ ነው ባነራችን ያገኛት። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ መደርደሪያዬ ላይ ነበር። ሻሿን አስራ ጨርሳ፣ "ያ አልጋ ልብስ ስንት ነው?" አለችኝ፤ እንዲሁ ለወጉ።

እዚህ ላይ የነጋዴን ጠባይ ላላወቀ ሰው አንድ ነገር መንገር አለብኝ። የጠዋት የመጀመሪያ ገዢ ባዶ እጁን አይሸኝም። የመጀመሪያው ገዢ ዋጋ ጠይቆ ከሄደ ቀኑን ሙሉ ገበያው ይዘጋል እንላለን። ማን እንዳስተማረን አላውቅም፤ ግን ሁላችንም እንፈራዋለን። ስለዚህ ለመጀመሪያው ገዢ ትርፉን ትተን በመጣበት ዋጋም ቢሆን እንሰጣለን፤ ከዚያ የተቀበልነውን ብር ስመን ግንባራችንን እናስነካዋለን። እጁ ገር ይሁንልን ብለን ነው።

ዋጋውን ነገርኳት። ቀንሺ አለችኝ፤ ቀነስኩ። እንደገና ቀንሺ አለች። "እንዲህማ አይሆንም" ስላት ቦርሳዋን አንስታ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ፣ "ነይ፣ ነይ ውሰጂው!" አልኳት። አልጋ ልብሱን፣ መጋረጃውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሁሉንም በዚሁ መንገድ፣ እየተነሣችና እየጠራኋት፣ በመጣበት ዋጋ ወሰደችው። ብሩን ስቀበል እንደ ልማዴ ሳም አድርጌ ግንባሬን አስነካሁት።

እሷም አየችኝ። "የዛሬ የመጀመሪያሽ ነኝ እንዴ?" አለች።

"አዎ፤ እጅሽን ገር ያድርግልኝ።"

"አሜን" አለችና በበሩ አሻግራ ወደ ሌሎቹ ሱቆች አየት አደረገች። ከዚያ፣ "ድስት የሚሸጥስ ማን አለ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ደስ ብሎኝ ራሴ ይዣት ወደ ጋሽ ግርማ ተሻገርኩ። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳትጨርስ፣ "ጋሼ፣ ዛሬ ሸጠዋል?" አለቻቸው። እሳቸው የዋህ ናቸው፤ "ኧረ ገና ነኝ ልጄ" አሉ። እኔ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ግን ምን ልበል? ድስቱን አስወረደች፣ ትሪውን አስወረደች፣ ፔርሙዙን ከፍታ አሸተተች። ዋጋ ሲነግሯት ትነሣለች፤ እሳቸው ይጠሯታል። እንደገና ትነሣለች፤ እንደገና ይጠሯታል። ስትጨርስ ጋሽ ግርማ ላብ በላብ ሆነዋል።

ዕቃውን በር ላይ ስትደረድር ጎትተው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። "አስቴር፣ ምንድን ነው ያመጣሽብኝ? ይቺ ሴትዮ እኮ ዛሬ ለመንገዱ ሁሉ የመጀመሪያ ገዢ ናት!"

እውነታቸውን ነው። በዚያ ጠዋት ማናችንም ስላልሸጥን፣ የገባችበት ሱቅ ሁሉ የመጀመሪያዋ ናት። የዘመቻችን ውጤት ይኸው ሆነ፤ አንድ ገዢ ያዝን፣ እሷም ሁላችንንም በየተራ እየላጨችን ነው።

ጋሽ ግርማ መላ አመጡ። ቶሌራን እንኳ እናድነው ብለው በጓሮ ዞረው ቀድመዋት ገቡና ከእሱ የጫማ ማሰሪያ ገዙ። ቀኑን ከፈቱለት ማለት ነው። ቶሌራም የመጀመሪያ ገዢዬ ናቸው ብሎ ማሰሪያውን በነፃ ሊሰጣቸው ምንም አልቀረው። በዳቱ ደርሳ፣ "ሸጠሃል?" ስትለው ደረቱን ነፍቶ "አዎ!" አላት።

"ምን?"

"የጫማ ማሰሪያ።"

"ለማን?"

ቶሌራ ጋሽ ግርማን አየ። ጋሽ ግርማ ጣራ ጣራ ያያሉ። "ለ... ለጋሼ" አለ።

"ጎረቤት ይቆጠራል?" አለችው በዳቱ ረጋ ብላ።

ቶሌራ ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ ግን ቢዋሽስ፣ ገበያው በሐሰት ተከፍቶ ቢበላሽስ? "አይቆጠርም" አለ በቀጭን ድምፅ። የሙሽራዋን ጫማ፣ የእናትየዋን ጫማ፣ የአጎቶቹን ሳይቀር እሱም በመጣበት አስረከበ።

በዚህ ሁሉ መሐል እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ለሠርግ ልብስ ይሰፋል። የሙሽራዋ፣ የሚዜዎቹ፣ የእናቶቹ። ይህ ሥራ አዴ ፋጡማ እጅ ከገባ ወሩ ሲያልቅ ቁልፍ የማስረከቡ ነገር ይቀራል። ስለዚህ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ፣ "በዳቱ፣ ልብሱንስ?" አልኳት። "እሱንማ የተሰፋውን ከመርካቶ ነው" አለች። እኔ ግን ክንዷን አልለቅም ብዬ ወደ አዴ ፋጡማ ወሰድኳት። ጋሽ ግርማና ቶሌራም ሱቃቸውን ጥለው ተከተሉን።

አዴ ፋጡማ መኪናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ተቀምጠዋል። በዳቱ "አካም ቡልተን፣ አዴ" ብላ ሰላም አለቻቸው፤ ሞቅ አድርገው መለሱላት። ከመደርደሪያቸው ጨርቅ አወረዱ። የምትፈልገውን ሁሉ ጠየቋት፤ ስለ ልጇ ቁመት፣ ስለ ትከሻዋ፣ ሙሽራዋ ጭፈራ ትወድ እንደሆነ ሳይቀር። ከዚያ የእጃቸውን ዋጋ ነገሯት።

በዳቱ፣ "አዴ፣ የዛሬ የመጀመሪያዎ እኔ ነኝ አይደል?" አለች።

"ነሽ። እንኳን ደህና መጣሽ።"

"እንግዲያው ይቀንሱልኝ።"

"ዋጋው ያው ነው ልጄ። ሪዝቄን፣ የዕለት እንጀራዬን፣ የሚከፍተው አላህ ነው፤ የጠዋትም የማታም ገዢ እኔ ዘንድ እኩል ነው።"

እኔ ከኋላ ሆኜ በዓይኔ እለምናቸዋለሁ። ጋሽ ግርማ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አዴ ፋጡማ ግን እኛን አያዩንም። "ሠርግ ላይ ይጨፈራል" አሉ ጨርቁን እየዳሰሱ። "ስፌቱ ሁለቴ ካልሄደ ብብት ላይ ይተረተራል። ሙሽራ ደግሞ ክንዷን ማንሳት ካልቻለች ምኑን ዳርሻት? እኔ ሁለቴ እሰፋለሁ፤ ገበርም አደርጋለሁ። ለዚያ ነው ዋጋው።"

በዳቱ ቦርሳዋን አንስታ ተነሣች። አዴ ፋጡማ፣ "በሰላም ግቢ፤ አላህ ሠርጉን ያሳምርልሽ" አሏት።

በሩ ላይ ደረሰች። አልተጠራችም። ወደ መንገዱ ወጣች። አልተጠራችም። "አዴ፣ በፈጠረዎ!" አልኩ በሹክሹክታ። አዴ ፋጡማ የዘረጉትን ጨርቅ እያጠፉ ነው። ቶሌራ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጓል።

ተከትያት ወጣሁ። በዳቱ ከሱቆቻችን ፊት ከተከመረው ዕቃዋ አጠገብ ቆማለች። ከመናኸሪያው "አዲስ! አዲስ! የሞላ ነው!" የሚለው የረዳቶች ጥሪ ይሰማል። አሁን ሸክሟን አሳስራ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ እኔ ዞረች።

"ሁላችሁም ስነሣ ጠራችሁኝ። እሳቸው ግን አልጠሩኝም" አለች።

"አመላቸው ነው፤ አትቀየሚያቸው" አልኳት።

"አልተቀየምኩም። እኔ ሽንኩርት እሸጣለሁ። ሽንኩርቴ ጥሩ ሲሆን ገዢ ቢሄድም አልጠራውም፤ ይመለሳል። የምጠራው ሊበሰብስብኝ ሲል ነው።"

ይህ ትንሽ ነካኝ። "የእኔ አልጋ ልብስ በስብሷል ማለትሽ ነው?" አልኳት።

ሳቋን ለቀቀችው። "ያንቺስ ጥሩ ነው። አንቺ ነሽ የፈራሽው" ብላ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ወደ አዴ ፋጡማ ተመልሳ ገባች። የሙሽራዋን፣ የሚዜዎቹን፣ የራሷንና የእህቶቿን ልብስ በሙሉ፣ አዴ ፋጡማ ባሉት ዋጋ፣ ምንም ሳትከራከር አዘዘች። አዴ ፋጡማ ተነሥተው መኪናው ላይ ያለውን ጨርቅ ገፈፉት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ጋሽ ግርማ፣ "ምን ሆነሽ ነው፤ አቧራ ነው እንዴ?" አሉኝ፤ የእሳቸውም ዓይን ቀልቶ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዳቱ ዕቃዋን የሚጭን ባጃጅ ስትጠብቅ ያ ሁሉ ድስት፣ ብርድ ልብስና ጫማ መንገዱ ዳር ተከምሮ የሚያይ ሰው መቆም ጀመረ። እዚህ ምንድን ነው የሚሸጠው፣ ረክሶ ነው ወይ እያለ ይጠይቃል። ቶሌራ ማይኩን አነሣ። በዳቱ ግን ከእጁ ወሰደችው።

መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ ባማርኛ ተናገረች። "እኔ አዲስ አበባ ልሄድ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ባነር ራሴ ላይ ወድቆ ነው እዚህ የገባሁት። የልጄን ሠርግ ዕቃ ጨርሻለሁ። እናንተ ራሳችሁ ላይ እስኪወድቅ አትጠብቁ፤ በእግራችሁ ግቡ!"

መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። ሰው እየሳቀ ገባ። እየሳቀ የገባ ሰው ደግሞ ቶሎ አይወጣም። በዚያ ቀን ከሰዓት እንደ ሸጥኩት በገና ዋዜማም ሸጬ አላውቅም፤ ምሳዬን እንኳ ሳልበላ ነው የዋልኩት። ጋሽ ግርማ ከመንገዱ ማዶ ሆነው፣ "እጇ ገር ነው!" ብለው ጮኹልኝ። በዳቱ "ገለቶማ፣ ነጋቲ!" እያለች፣ በኦሮምኛ እያመሰገነችና እየተሰናበተች፣ ድስት ታቅፋ በባጃጅ ስትሄድ መንገዱ ሁሉ እጁን አውለበለበላት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። በዳቱ መልካሳ ገብታ ምስጢራችንን ለዘመዶቿ ሁሉ አውርታለች። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ድግስ ያለበት ቤት ደግሞ ብዙ ነው። አንድ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ፣ ሦስት ሴቶች በሬ ላይ ቆመው ይገፋፋሉ። "የመጀመሪያሽ እኔ ነኝ!" ትላለች አንዷ። "እኔ ነኝ ቀድሜ የደረስኩት!" ትላለች ሌላዋ። ከሱቅ ሱቅ ተከፋፍለው ሁሉ ይመጡ ጀመር፤ አንዷ እኔ ጋ፣ አንዷ ጋሽ ግርማ ጋ፣ አንዷ ቶሌራ ጋ። ቶሌራ "ሼም ነው፣ በቃ ተበላን!" እያለ ይሸጣል። እኔ ግን ለመጀመሪያዋ በመጣበት ሰጥቼ፣ ለሁለተኛዋና ለሦስተኛዋ በደንቡ እሸጣለሁ። አልጎዳኝም። ያም ሆኖ ልትሄድ ስትነሣ የምጠራት የመጀመሪያዋን ብቻ ነው፤ ሌላዋን አለመጥራትን እንኳ ከበዳቱ ተምሬያለሁ።

ከእኛ ሲጨርሱ ሁሉም የሚገቡት አዴ ፋጡማ ዘንድ ነው። እዚያ ግን ማንም "የመጀመሪያ ነኝ" አይልም፤ ተነግሯቸዋል።

የታኅሣሥ መጨረሻ ደረሰ። አዴ ፋጡማ ሥራ ቢበዛላቸውም ይቆዩ አይቆዩ ለማንም አልተናገሩም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅኳቸውም። ልጃቸው ከአሰላ በየቀኑ ትደውላለች፤ ክፍሉም ለስልክ ሱቅ ታስቧል ይባላል። አንድ ከሰዓት አከራዩ ቁልፉን ሊረከቡ፣ አዲሱን ተከራይ አስከትለው ሲመጡ አየኋቸው። ገዢ ሱቄ ውስጥ ትቼ ተከትያቸው ገባሁ።

አዴ ፋጡማ ወለሉ ላይ ተንበርክከው የሙሽራዋን ቀሚስ ጫፍ ይለካሉ። ሙሽራዋ ራሷ፣ የበዳቱ ልጅ፣ ወንበር ላይ ቆማ ክንዷን ወደ ላይ እያነሣች ትሞክረዋለች፤ ምንም አልያዛትም።

"አዴ ፋጡማ፣ ቁልፉን ብለውኝ ነበር" አሉ አከራዩ።

አዴ ፋጡማ ቀና አሉ። እስፒሎቹን በከንፈራቸው ስለያዙ መናገር አልቻሉም። አከራዩን አዩ፣ የቀሚሱን ጫፍ አዩ፤ ከዚያ ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ ነቀነቁና አጎንብሰው ቀጣዩን እስፒል ሰኩ።

አከራዩ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ማለታቸው ነው?"

"ሥራ ላይ ናቸው" አልኳቸው።

እኔ አፌ የማያርፍ ሴት ነኝ፤ በዕድሜዬ ስንት ነገር ለፍልፌያለሁ። እንደዚያች ቃል የጣፈጠችኝ ግን የለችም። ዛሬም ሰው መጥቶ፣ "አዴ ፋጡማ አሉ?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ በራቸው ክፍት ሆኖ እያየሁትም ቢሆን ቀድሜ የምመልሰው እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ናቸው እላለሁ፤ በተናገርኩት ቁጥርም ያን ዕለት የተሰማኝ ደስታ እንደ አዲስ ይሰማኛል።